ይውረድልኝ ብዬ የተሳልኩበት ክለብ

ከባለቤቴ ጋር በኖርንበት ዘመን ሁሉ እግር ኳስን የማየው እንደ ጣውንት ነበር። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እሱ ሳሎን ተቀምጦ ለአንድ ትልቅ የእንግሊዝ ክለብ ይጮሃል፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ድስት አጋጭበታለሁ። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ «ለዕረፍት እስኪወጡ ታገሺ» የሚል ሰው ነው። ይህን ያህል ጎልማሳ አንዲት ኳስ ተሻምቶ ሲራገጥ ማየት ምኑ እንደሚያስደስተው በጠየቅኩት ቁጥር «አይገባሽም» ይለኛል። እኔም እንዲገባኝ አልፈልግም ነበር።

ያቺው ሴትዮ ነኝ እንግዲህ ዛሬ፣ ዌልስ አገር ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ክለብ ግራ ተከላካይ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቱን እንደሚያመው የማውቀው። አሠልጣኙ መቼ ኮቱን እንደሚያወልቅም አውቃለሁ፤ ሲሸነፍ ነው። እዚህ ያደረሰኝ የኳስ ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ክፋት ነው።

አንዲት ልጅ ናት ያለችን። እዚሁ ሚኒያፖሊስ ተወልዳ፣ በአማርኛ እየሰማች በእንግሊዝኛ እየመለሰች ያደገች ናት። አጥንቱ የተሰበረና የወለቀ ሰው አሽቶ፣ አለማምዶ መልሶ የሚያስኬድ የሕክምና ትምህርት ተማረች፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር «ወጌሻ» ትላት ነበር። ለተጨማሪ ትምህርት አንድ ዓመት ዌልስ ሄዳ ስትመለስ ስልኳ ከእጇ አልወርድ አለ። ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ ይዛው ትገባለች። ጠረጠርኩ።

ነገሩን የነገረችኝ ከሌክ ስትሪት ቅመማ ቅመም ገዝተን ስንመለስ፣ እኔ እየነዳሁ ነው። በዚህ ቤት ከባድ ወሬ ሁሉ የሚነገረኝ መሪ ይዤ ነው። እጄ ስለሚያዝ ይመስለኛል።

«ማሚ፣ አይ ሜት ሳምዋን» አለችኝ።

ዌልሳዊ መሆኑን፣ ጣቱ ተሰብሮ እሷ ወደምትማርበት ክሊኒክ ሲመጣ መተዋወቃቸውን ነገረችኝ።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ጎልኪፐር።»

«እሺ፣ በረኛ ነው። ሥራውስ?»

«ማሚ!»

ሥራውስ ነበረው። በሳምንቱ መካከል ያው ክለብ ቀጥሮት የከተማዋን ሕፃናት ኳስ ያስተምራል፤ እንጀራው ይህች ሥራ ናት። ነገር ግን የሕፃናቱ ትምህርት የሚቀጥለው ክለቡ በአገሪቱ ትልቅ ሊግ ውስጥ ከቆየ ብቻ ነው። ከወረደ ይዘጋል፣ ልጁም ሥራ ያጣል። ሁለቱ ይህንን መክረው ዘክረው ጨርሰዋል።

«ኢፍ ዘይ ስቴይ አፕ፣ አይ ጎ» አለችኝ ልጄ። «ኢፍ ዘይ ጎ ዳውን፣ ሂ ካምስ ሂር።»

ክለቡ ከቆየ ልጄ ትሄዳለች፤ ክለቡ ከወረደ ልጁ ይመጣል ማለት ነው። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባቸውን አቀለጡት። አንድ ልጄን፣ ስሟን ሰምቼ በማላውቃት ከተማ ያሉ አሥራ አንድ ጎረምሶች በእግራቸው ሊወስኑብኝ ነው እኮ!

እራት ላይ ባለቤቴን ምንም እንዳልተፈጠረ መስዬ፣ «በኳስ ጨዋታ መውረድ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

የጎረሰው አነቀው። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው። ጨው ማስቀመጫውን፣ ሹካውን፣ የቃሪያ ሳህኑን ደርድሮ ማን ከማን በላይ፣ ማን ከማን በታች እንደሆነ አሳየኝ። አስተማረኝ ከምል ሰበከኝ ብል ይሻላል። የልጃችንን ነገር ስነግረው ግን ስብከቱን አቁሞ ስልኩን አወጣና የደረጃ ሰንጠረዡን ፈለገ። ክለቡ ከታች ሁለተኛ ነው።

«እነዚህማ አለቀላቸው። ሊወርዱ ነው፣ አትስጊ» አለኝ።

አልሰጋሁም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ዕቃ አጥቤ አላውቅም።

የክለቡን ጨዋታ በኢንተርኔት ያሳያሉ። ቅዳሜ የሚጀምረው በእነሱ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሁለት ተኩል ነው። ያ ለሚኒሶታ ጠዋት ስምንት ተኩል ይሆናል፤ በሐበሻ አቆጣጠር ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል! በሐበሻ አቆጣጠር ከሚሄደው የቤታችን ግድግዳ ሰዓት ጋር የምትስማማ አገር ዌልስ መሆኗን ያወቅኩት ያኔ ነው። ባለቤቴ ይህን እንደ ምልክት ቆጠረው፤ እኔ ግን ዝም በል አልኩት።

ካሜራው አንድ ብቻ ሲሆን የተሰቀለው ሻይ ከሚሸጥባት ጎጆ ጣራ ላይ ነው። ኳሷ ከጎጆዋ ሥር ከገባች የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ከአንደኛው ጎል በስተኋላ ወንዝ ይወርዳል፤ እዚያ ዘንግ ላይ የታሰረ መረብ ይዘው የሚቆሙ ሽማግሌ አሉ፤ ኳስ ወደ ውኃው በገባ ቁጥር እንደ ዓሣ ያወጡታል። ከማዶ በጎች ይግጣሉ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን አይቶ፣ «ይሄማ የሰፈር ኳስ ነው» ብሎ አፌዘ። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ወንበሩን አስጠግቶ፣ «ዳኛው ዓይን የለውም እንዴ!» ሲል ያዝኩት።

ልጄን የሚወስድብኝን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ላይ ነው። ረጅም ነው፣ ጆሮው ትልልቅ ነው፣ ኳስ ከመምጣቱ በፊት ጓንቱን ያጨበጭባል። ያን ቀን አራት ገባበት። በየጎሉ እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ልጄ አጠገቤ ስለተቀመጠች ብቻ «አይዞሽ፣ ምን ያድርግ» እላለሁ። ውስጤ ግን ጮቤ ይረግጣል።

ከዚያ ክለቡ ሳይታሰብ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈና እንቅልፍ አጣሁ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ የሰው ቡድን ይሸነፍ ብሎ መጸለይ ኃጢአት ነው?» አልኳቸው።

መስቀላቸውን ጨበጥ አድርገው አዩኝ። «የትኛው ቡድን?»

«የዌልስ ነው፣ አያውቁትም።»

ፊታቸው ፈታ አለ። «እኔ ደግሞ የኛን መስሎኝ!» አሉና ወዲያው ራሳቸውን ሰብስበው፣ «ለማንኛውም ልጄ፣ የሰው ጉዳት አይለመንም። እንደ ፈቃድህ ይሁን በይ» አሉኝ።

እንደ ፈቃድህ ማለት ደግሞ ለእኔ አልተመቸኝም። ፈቃዱ ምን እንደሆነ አይታወቅማ! ስለዚህ በወሩ በአሥራ ዘጠኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ በገብርኤል ሥዕል ፊት ቆምኩ። «ገብርኤል ሆይ» አልኩት፣ «ያን ክለብ አውርድልኝ። ሰው ሳይጎዳ፣ በጎል ልዩነትም ቢሆን ይሁን። ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባለሁ።» መልአኩ የጎል ልዩነት ምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። እኔም ያወቅኩት በቃሪያ ሳህን ነው።

ባለቤቴ በበኩሉ ሌላ መንገድ ያዘ። «እንዲያው በስልክ ልጅ አይሰጥም። ሽማግሌ ይላክ» አለ። እውነቱን ለመናገር ይህን ያለው ነጮቹ ይፈሩታል ብሎ ነው፤ እኔም የደገፍኩት ለዚሁ ነው። ልጁ እናት አባት የለውም፤ ያሳደጉት አያቱ ናቸው፣ እሳቸውም አልፈዋል። ማንን ይልካል? ልጃችን ስልኩን ዘግታ መጥታ፣ «ዘይ አር ካሚንግ» አለችን። ክለቡ ሦስት ሽማግሌ መርጦ ሊልክ ወስኗል።

የመጡት የካቲት ላይ፣ ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ውጭው አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ ነው። በእኛ በኩል ነገሩን እንዲመሩልን የዕድራችንን ሰብሳቢ ከሴንት ፖል ጠርተናል። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሽምግልና ሲባል ከሕመም አልጋ የሚነሱ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው ሶፋው መሐል ጉብ ብለዋል። ልጄን ሥርዓቱ እንደሚለው ከዓይን ሰወርናትና ወጥ ቤት አስገባናት።

በሩ ተደወለ። ባለቤቴ ከፈተና «ግቡ» አለ። አልገቡም። ልጄ «ጉዳያችሁን ቆማችሁ ሳትናገሩ እንዳትቀመጡ» ብላ በደንብ አሰልጥናቸዋለች፤ የት እንደሚቆም ግን አልነገረቻቸውም። ከሦስቱ ረጅሙ፣ አፍንጫቸው የቀላው ሰውዬ እዚያው በረዶ በሸፈነው በረንዳ ላይ ጓንታቸውን አውልቀው ብጣሽ ወረቀት አወጡና፣ «እንደምን አደራችሁ፣ የመጣነው…» ብለው በአማርኛ ማንበብ ጀመሩ። ጎረቤታችን በረዶ መዛቁን አቁሞ ያዳምጣል። ባለቤቴ ሥርዓቱ እንዳይበላሽ ብሎ ዝም ብሎ ይሰማል። እኔ ነኝ ዘልዬ ወጥቼ ሦስቱንም በእጅጌያቸው እየጎተትኩ ያስገባኋቸው። ሰው በሽምግልና በረንዳዬ ላይ ሊሞትብኝ ነው እንዴ!

ረጅሙ ሰውዬ የክለቡ ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ዳቦ ጋጋሪ። ሁለተኛው የሜዳውን መስመር በነጭ ቀለም የሚያሰምሩ ዝምተኛ አዛውንት ናቸው። ሦስተኛዋ እዚያች ጎጆ ውስጥ ሻይ የምትሸጠውና የተጫዋቾቹን ማሊያ የምታጥበው ሴትዮ ናት፤ አጠር፣ ደንደን ያለች፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን።

«ሴት ሽማግሌ?» አሉ ጋሼ በአማርኛ።

ጋሼ እንግሊዝኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ ግን «ሽምግልና በአማርኛ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። ስለዚህ ተርጓሚ አስፈለገ። ከእንግዶቹ ጋር የምታግባባን ደግሞ ወጥ ቤት የተደበቀችው ልጄ ብቻ ናት፤ የእነሱ እንግሊዝኛ ለእኔም ለባለቤቴም በሩጫ የሚያልፍ ነገር ነው። እንዳትታይ ተብላ በበሩ ክፍተት መተርጎም ጀመረች። የገዛ ራሷን ጥያቄ!

«እሷ ከሌለች ክለቡ የለም እያሉ ነው» አለ በሩ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጁ የማን ልጅ ነው? ዘሩስ?»

ሊቀመንበሩ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ረጅም ታሪክ ተናገሩ። የልጁ አያት የክለቡ በረኛ ነበሩ፤ ቅድመ አያቱም እንደዚሁ። ቅድመ አያቱ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ኳስ ተከትለው ዘለው ገቡና ከሚቀጥለው መንደር ኳሷን እንደታቀፉ ወጡ ይባላል።

«ሰባት ቤቱ በረኛ ነው ማለት ነው» አሉ ጋሼ በአድናቆት።

ባለቤቴ አላስችል ብሎት ገባበት። «ዘንድሮ ግን ስንት ገባበት?»

ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ፣ እስከዚያ አንድ ቃል ያልተነፈሱት መስመር አስማሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንድ ነገር አሉ።

«ጥፋቱ የተከላካዮቹ ነው እያሉ ነው» አለ በሩ፣ ሳቁን አፍኖ።

ከዚያ የሻይዋ ሴትዮ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ።

«እንደሚወዳት…»

«ማንን?»

«እኔን» አለ በሩ።

አሁን ሥርዓታችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም። ጋሼ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «መልካም፤ ሰምተናል። ከወገን ከዘመድ መክረን መልስ እንሰጣለንና ሄዳችሁ ተመለሱ» አሉ። ለእኛ ይህ ከማር የጣፈጠ መልስ ነው። ልጄ ግን ስታሰለጥናቸው ይቺን ረስታታለች። እንደወረደ ተረጎመችው። ሊቀመንበሩ ክው ብለው ቀሩ። ውቅያኖስ አቋርጠው መጥተው፣ ሂዱ! የሻይዋ ሴትዮ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፤ «ኖ?» አለች እኔን እያየች፣ «ኖ?»

ልጄ ሥርዓቱንም በሩንም ጥላ ወጣች። «ኢት ኢዝንት ኖ! ኢት ኢዝንት ኖ!» እያለች ሴትዮዋን አቀፈቻት። ጋሼ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

ቀን ሲቆረጥ እኔ ፈጠን ብዬ፣ «መልሱ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ይሁን፤ በስልክም ቢሆን ይበቃል» አልኩ። ሁሉም ለእነሱ አዝኜ መሰላቸውና አመሰገኑኝ። የእኔ ሂሳብ ግን ሌላ ነው። ክለቡ ከወረደ እልል ብዬ እሰጣለሁ፤ ሙሽራው ወደዚህ ይመጣላ! ካልወረደ ደግሞ ያን ጊዜ አስብበታለሁ። እንግዶቹ ዶሮ ወጡን አፍንጫቸው እየፈሰሰ እስከ መረቁ ጨርሰው በነጋታው ተመለሱ፤ ቅዳሜ ጨዋታ አለባቸው።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውን ሶፋህ ላይ አስቀምጠህ፣ አብልተህ፣ ከዚያ ውድቀቱን መመኘት እንዴት አስቸጋሪ ነው! በየቅዳሜው ስከፍተው ከስክሪኑ ጥግ የሻይዋ ሴትዮ ክንድ ይታየኛል፣ ኩባያ ስታቀብል። ሊቀመንበሩ ጨዋታ ሳይጀመር ወደ ካሜራው እጃቸውን ያነሳሉ፤ ለእኛ መሆኑ ነው። ባለቤቴም ከሚኒያፖሊስ እጁን ያነሳላቸዋል። ሁለተኛው ሽማግሌ ያሰመሩት መስመር ማዕዘኑ ላይ ሲጎብጥ «ይቺ የብርድ ናት» እላለሁ። ፍሪድሊ በምሠራበት ፋብሪካ፣ ልብ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ሽቦ በማጉያ እያየን በምንገጣጥምበት ጠረጴዛ ላይ እንኳ አእምሮዬ ነጥብ ይደምራል። ስለቱን ግን አላነሳሁም። ስለት ስለት ነው።

ጾሙ እንደተጋመሰ በአንዱ ቅዳሜ፣ ልጁ ኳስ ሊይዝ መሬት ላይ ወደቀ፤ የተጋጣሚው አጥቂ ደግሞ እግሩን ሳይሰበስብ ጭንቅላቱን መታው። ልጁ አልተነሳም። ልጄ አፏን ያዘች። እኔ ደግሞ፣ «እግርህ ይሰበር! አንተ አውሬ! እናት የለችህም?» እያልኩ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። «ለማን ነው የምትጮኺው?»

«ለዚያ አረመኔ ነዋ!»

ልጁ በስተመጨረሻ ተነሳ። ጭንቅላቱን ጠምጥመውለት፣ እነዚያ ጆሮዎቹ ከፋሻው ሥር ወጥተው፣ ጓንቱን አጨበጨበ። አንጀቴን በላኝ። ያን ቀን አሸነፉ። ከመተኛቴ በፊት፣ «ገብርኤል ሆይ፣ የዛሬውን አትቁጠረው» አልኩ። የትኛውን እንዳይቆጥር እንደፈለግኩ ለራሴም አልገባኝም።

የመጨረሻው ጨዋታ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ዋለ። ነጥባቸው አቻ ከወጡ የሚያቆያቸው፣ ከተሸነፉ የሚያወርዳቸው ሆኖ ደረሰ። ባለቤቴ ኤደን ፕሬሪ ከሚሠራበት መጋዘን ፈቃድ ወስዶ ቀረ። ጋሼም ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፤ ጨዋታው እንዳለቀ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከክለቡ ቤት ሊደውሉ፣ እኛም መልሳችንን ልንሰጥ ነው። ጋሼ ኳስ አይወዱም ነበር፤ ያን ቀን ግን፣ «በረኛው የኛ ነው አይደል?» ብለው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

እዚያ ዝናብ ነው። ካሜራ አንሺው መስታወቱን በእጅጌው እየወለወለ ነው የምናየው። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ገባባቸው። አሠልጣኙ ኮቱን አወለቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን «ኮትህን ልበስ፣ ገና ነው!» አልኩት። ከዕረፍት በኋላ ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ ያ ጉልበቱን የሚያመው ግራ ተከላካይ በጭንቅላቱ አገባት። ባለቤቴና ጋሼ ተቃቀፉ። ልጄ ጥፍሯን ትበላለች። ሰዓቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከግቡ ፊት ግፊያ ሆነ፣ ዳኛው ነፋ። ፍጹም ቅጣት ምት። በእኛው ላይ።

በእኛው ላይ አልኩ፤ አዎ፣ ያን ጊዜም እንደዚያ ነው ያልኩት።

ልጄ ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። የቧንቧ ውኃ ሲከፈት ሰማሁ፤ እንዳትሰማ ነው። የተጋጣሚው አጥቂ ኳሷን አስቀመጠ። አንዲት ምት ናት። ከገባች ልጄ እዚህ ትቀራለች፣ ልጆቿን አዝላለሁ፣ እሁድ እሁድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ለወራት ቆሜ የለመንኩት ይኸው ፊት ለፊቴ ነው። «ገብርኤል ሆይ» ብዬ ጀመርኩና መቀጠል አቃተኝ። ልጁ ጓንቱን አጨበጨበ።

መታት። ልጁ ወደ ቀኝ ተወረወረና በመዳፉ ገፍቶ አወጣት።

እልል አልኩ። እንዲያው እልልታ ብቻ አይደለም፤ ሰርግ ቤት እንደዚያ እልል ብዬ አላውቅም። ሶፋው ላይ ወጥቼ፣ ጋሼን ከነጋቢያቸው አቅፌ፣ «የኔ አንበሳ! የኔ ጀግና!» እያልኩ ጮህኩ። ዳኛው ጨዋታውን ሲጨርስ ገና እየጮህኩ ነበር። ባለቤቴ እየሳቀ አየኝና ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክለቡ ቆየ። ልጄ ሄደች።

ስልኩ ጮኸ፤ በቪዲዮ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች በዝናብ ረጥበው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ከኋላቸው ተጫዋቾቹ እየዘፈኑ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጋሼ ላባቸውን ጠረጉና፣ «ልጅቷ ትጠየቅ። እናት ትጠይቅ» አሉ።

ወጥ ቤት ገባሁ። ውኃው ይፈሳል። ልጄ ማጠቢያውን ተደግፋ ትንሰቀሰቃለች። የደስታ መሰለኝ። ውኃውን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን የማስታውሰው በአማርኛ ነው። «ይሸነፉ ብዬ ስጸልይ ነበር» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ። ለእሱ መንገር አልቻልኩም፤ ልቡ ይሰበራል። ተወው ልለውም አልችልም። እሱ እንዲመጣ ነበር የምፈልገው። አንቺን ጥዬ መሄድ ያስፈራኛል። አሁን ግን አንቺ ስትጮኺ ሰማሁ። ማሚ እንደዚህ ደስ ካላት መሄድ እችላለሁ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

«እኔም ይሸነፉ ብዬ ስለት ተስያለሁ» አልኳት።

«ዋት?»

«ጃንጥላ። ባለ ወርቅ ዘርፍ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ፤ ከዚያ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች፤ እኔም እንደዚያው። ሁለታችን በአንድ ቤት፣ በአንድ ሶፋ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዱን ልጅ ስናስሸንፍ ከርመን! ብቻውን አሸነፈን። ሳቁ ሲያልቅ እጄን ያዘችኝና ጠየቀችኝ፤ ያለ እሷ ደህና እሆን እንደሆነ።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። እናቶች እንደዚያ ነው የሚሉት።

«አልሆንም» አልኳት። «ደህና አልሆንም፣ ትናፍቂኛለሽ፣ በየቀኑ አለቅሳለሁ። አንቺ ግን ሂጂ። ያን ልጅ ወድጄዋለሁ። ሳልፈልግ ነው የወደድኩት፤ ስለዚህ እውነት ነው።»

ወደ ሳሎን ተመለስኩ። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ በስልኩ ውስጥ ያሉትም መዝፈናቸውን አቁመዋል። መልሱን መናገር የአባት ነው፤ ባለቤቴ ግን በእጁ ወደ እኔ አመለከተ።

«ሰጥተናል» አልኩ። ጋሼ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ተረጎሙት።

እዚያ ማዶ የሆነውን ጩኸት አልናገረውም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ጣሪያ ታየን፣ ጫማ ታየን፣ የልጁ ትልልቅ ጆሮ ታየን፤ እንባው እየወረደ «ታንክ ዩ» ይለናል። በኋላ የሻይዋ ሴትዮ ስልኩን ቀምታ ጸጥ ወዳለ ጥግ ሄደች። ባለቤቴንም ጋሼንም አልፈለገችም፤ እኔን ነው የፈለገችው። ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች፣ እንድሰማት ብላ በዝግታ ጠየቀችኝ።

«ስትታመም ምን ይስማማታል?»

ለዚህች ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር።

«አጥሚት» አልኳት። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከአጃ ዱቄት የሚሠራ እንደሆነ ነገርኳት።

«አጃ እኛም ጋ አለ» አለችኝ።

«እንግዲያው እንዳይጓጉል በዝግታ አማስዪው» አልኳት። «ማርና ቅቤ ጨምሪበት። አልፈልግም ትልሻለች፤ እንዳትሰሚያት። አጠገቧ ቁጭ በዪ፣ ትጠጣዋለች።»